ቆመው የደረቁት ዝግባዎች

ጂንካ የተመደብኩት የደን ሥልጠናዬን በጨረስኩ በዓመቱ፣ በደርግ ዘመን አጋማሽ ላይ ነው። ምደባው ሲነበብ አብረውኝ የተመረቁት ሳቁብኝ። "እዚያ ከብትና በረሃ እንጂ ምን ደን አለና ነው?" አሉኝ። በእነሱ ዓይነ ሕሊና የመጣው ቱርሚና ኦሞራቴ፣ ያ ግራርና አሸዋ የሞላበት ቆላ ነበር። እኔም ከዚያ የተለየ አልጠበቅኩም። ብዙም ሳልቆይ ግን ገዘር ከምትባለው የገበያ መንደር በላይ ወዳለው ጋራ ይዘውኝ ወጡ። እዚያ ጉምና ብርድ፣ እንሰትና ገብስ አገኘሁ። ከማሳዎቹ በላይ ደግሞ ዝግባና ጥድ የተቀላቀለበት ጥቁር ደን ነበር።

ያን ደን የተከለው ሰው አልነበረም። ሰው የተከለው ደን ዛፎቹ እኩያ ናቸው፤ አብረው ያድጋሉ፣ አብረው ይቆረጣሉ። እዚህ ግን ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ሽማግሌ ዝግባ ካለበት ጎን ጎልማሳው ይቆማል፣ ከጎልማሳው ሥር ቀጭኑ፣ ከቀጭኑ ሥር ደግሞ ጣት የምታህል ችግኝ። የአቆራረጡም ደንብ ይህንኑ የተከተለ ነበር። በየጥቂት ዓመቱ የደረሰውንና የተጣመመውን እየመረጡ መቁረጥ፣ ሌላውን እንዲያድግ መተው ነው። መራጯ እኔ ነበርኩ። ቅርፊቱን በምሳር ላጥ አድርጌ ቀይ ቀለም እቀባለሁ፤ ቀለም የተቀባ ይወድቃል፣ ያልተቀባ ይቀራል።

የሚጥሉትና ጣውላ የሚሰነጥቁት ከጋሞ ደጋ የመጡ ሰዎች ናቸው። አለቃቸው፣ ሁላችንም ሰንጣቂው የምንለው፣ ረጅም፣ ከሲታ፣ ጢሙ መሸበት የጀመረ ሰው ነበር። እኔ ጋሼ እለዋለሁ፣ እሱ ልጄ ይለኛል። ሴት ምልክት አድራጊ ስትመጣበት መጀመሪያ ላይ ደስ ያለው አልመሰለኝም፤ አንድ ቀን ግን ሦስት ዛፍ ዞሬ ካየሁ በኋላ አንዱን ብቻ ስቀባ አይቶ፣ "ችኩል አይደለሽም" አለኝ። ከዚያ በኋላ ተስማማን።

ሌላው በደኑ ውስጥ ሁልጊዜ የማገኘው ሰው ማሳው ከደኑ ጋር የሚዋሰን አንድ የአሪ ገበሬ ነው። ሥራው እንሰትና ገብስ ይሁን እንጂ ልቡ ያለው ንቦቹ ጋ ነበር። ቀፎዎቹን ትልልቆቹ ዝግባዎች ላይ በገመድ እየወጣ ይሰቅላል። እኔ ቀለም ይዤ ስመጣ ከየት እንደሚሰማ አላውቅም፣ ከኋላዬ ይቆማል።

"ይሄን ተይው እህቴ" ይለኛል። "ቤት አለበት።"

ቀና ብዬ ሳይ በእርግጥም ቀፎ ይኖራል። ዛፉ የግድ መቆረጥ ያለበት ካልሆነ አልፈዋለሁ። የግድ ከሆነም ቀፎውን እስኪያወርድ እንጠብቀዋለን።

አንድ ዓመት ከአርባ ምንጭ፣ ከክፍለ ሀገሩ መሥሪያ ቤት አስቸኳይ ትዕዛዝ መጣ። በአዲሶቹ መንደሮች ትምህርት ቤት ሊሠራ ስለሆነ፣ የተቆረጠው ግንድ ሁሉ ዝናቡ ሳያልፍ መውረድ አለበት ተባለ። ወራቱ መሬቱ የሚያንሸራትትበት ነበር። ሰንጣቂው ሰማዩን አየና፣ "በሬዎቹ ይሰበራሉ እንጂ ግንዱስ ይወርዳል" አለ። ወረደም። በበሬ እየተጎተተ፣ በጭቃው እየተንሸራተተ መኪና እስከሚደርስበት ድረስ ወረደ። በሬዎቹም አልተሰበሩም። ትምህርት ቤቶቹ ወንበር አገኙ፤ የወረዳው ሰዎችም አመሰገኑን።

ቀጥሎ የመጣው ድርቁ ነው። የሰሜኑን ያህል አይሁን እንጂ እኛም ጋ ዝናቡ ቀረ፤ ገዘር ላይ ጉሙ እንኳን ሳሳ። ደኑ ውስጥ ለውጡን ያየሁት አንድ ማለዳ ነው። ያልተቆረጠ፣ ቀለሜ ያልነካው፣ ገና ብዙ ዕድሜ የነበረው ጎልማሳ ዝግባ ጫፉ ቢጫ ሆኗል። የዝግባ ቅጠል ሲሞት መጀመሪያ ልስላሴውን ያጣል፣ ከዚያ እንደ ዛገ ቆርቆሮ ይቀላል፣ ከዚያ ይረግፋል። በሚቀጥለው ጉዞዬ እዚያው አካባቢ ሌሎች ቀልተው አገኘሁ። ከመካከላቸው ጥዶችም ነበሩ። ወራት ሲያልፉ ከገበያው ሜዳ ሆኖ ወደ ጋራው ለሚያይ ሰው ሁሉ በጥቁሩ ደን ላይ ቡናማ ጠቃጠቆ ይታይ ጀመር።

የተውኳቸው ዛፎች እየሞቱ ነበር። የቆረጥነው በደንቡ ነው፤ በደንቡ መሠረት የቀሩት መወፈር እንጂ መሞት አልነበረባቸውም። የተማርኩትን እያስታወስኩ ቅርፊት ልጬ አየሁ፣ ተባይ ፈለግኩ፣ በአንዳንዱ አገኘሁ፣ በአንዳንዱ አጣሁ። ለአንዱ ዛፍ የሚሆነኝ ምክንያት ለሚቀጥለው አይሆንም።

እኔ ምክንያት ስፈልግ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጥፋተኛ አገኘ። ሊቀመንበሩ ዕድሜው ከእኔ የማይበልጥ፣ ጠመንጃ ከትከሻው የማይለይ፣ ሲናገር ስብሰባ ላይ ያለ የሚመስለው ወጣት ነበር። ንብ አናቢው ዛፎቹን በድብቅ እያደረቀ፣ በኋላ ማገዶና አጣና አድርጎ ሊወስዳቸው ነው ብሎ አሠረው። እስር ቤት ስላልነበረ የማኅበሩ የእህል መጋዘን ውስጥ አስገባው።

ይህን የሰማሁት ከሚስቱ ነው። ከጋራው ጂንካ ድረስ በእግሯ መጥታ ቢሮው በረንዳ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። በጨርቅ ጠቅልላ ጎመንና ቆጮ ይዛለች። አማርኛዋ ጥቂት ነበር፣ የፈለገችውን ለማለት ግን በቂ ነበር።

"ባሌን አሰረ" አለችኝ። "ዛፍ ገደልክ አለው። ባሌ ዛፍ ለምን ይገድላል? ዛፍ ሲሞት ንብ የት ይሄዳል?"

"መቼ ነው የታሰረው?"

"ገበያ ዕለት። ሰው ሁሉ እያየ።" ቆጮውን አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። "አንቺ ዛፍ ታውቂያለሽ። ሂጂ ንገሪው።"

በማግስቱ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ወንበር ሰጠኝ፤ ጓድ እያለ አክብሮ አነጋገረኝ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ዛፎቹ ለምን እንደሞቱ ገና አልታወቀም" አልኩት።

"እኛ አውቀናል።"

"ምን አይታችሁ?"

"ዛፍ በራሱ አይሞትም ጓድ። ያውም አንድ ላይ ይሄ ሁሉ? ይሄ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የበላይ አካል ደኑ ምን ሆነ ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበል? ድርቅ ነው ልበል? ለድርቅ ማንን ልሰር?"

የመጨረሻውን የተናገረው እየቀለደ አልነበረም። ፈርቶ ነበር። ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ተናድጄ ነበር የወጣሁት። ጂንካ እንደተመለስኩ ለአርባ ምንጩ ኃላፊያችን በሬዲዮ መልእክት አስተላለፍኩ፤ ባለሙያ ይምጣልኝ አልኩ። ባለሙያ አልላኩም፣ ራሳቸው መጡ።

ኃላፊው ውጭ አገር ደን የተማሩ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጨጓራ የሚያሠቃያቸው ሰው ነበሩ። ላንድሮቨሩ ውስጥ አጥሚት የሞላ ቴርሞስ አይለያቸውም። የገዘር መንገድ ሲያንገጫግጫቸው ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው ተቀመጡ። ስንደርስ ያሉት የመጀመሪያ ነገር "የተከሰሰው ሰው ይምጣ" የሚል ነው። ሊቀመንበሩ ቅር ቢለውም ከመጋዘኑ አስወጣው። ንብ አናቢው ጢሙ አድጎ፣ ልብሱ ላይ የገብስ አቧራ ተለጥፎበት ወጣ። ሰንጣቂውም ምሳሩን ይዞ ተከተለን። እንዲህ ሆነን ወደ ደኑ ገባን።

የመጀመሪያው የሞተ ዝግባ ጋ ሲደርሱ ኃላፊው ተንበረከኩ። ገጀራ ተቀብለው ከሥሩ ላይ አፈሩን ይጠርጉ ጀመር። ዝቅ ብሎ፣ ሣርና ቅጠል ሸፍኖት፣ መዳፍ የሚያህል ቅርፊት የሌለው ቦታ ነበር። ጠርዙ ጠቁሯል። ገጀራውን ሲሰኩበት ያለ ችግር ገባ፤ ከውስጥ ቡናማ ዱቄት ፈሰሰ። ከሥሩ ቅርፊት በታች እንደ ጥጥ ነጭ ነገር ተሰራጭቷል።

"ይሄ የቆየ ቁስል ነው" አሉ። "በዚህ በኩል ሻጋታው ገባ። ድርቁ ሲመጣ መቋቋም አቃተው።" ቀና ብለው ወደ ታች የሚሄደውን ጎርበጥባጣ መስመር አዩ። "ይሄ ምንድነው?"

ማንም ከመመለሱ በፊት ሰንጣቂው ተናገረ። "የእኔ መንገድ ነው ጌታዬ። ግንዱን የጎተትንበት። በዝናብ ሲንሸራተት እየሄደ ይመታቸው ነበር።"

ዝም ማለት ይችል ነበር። ከጎኑ የታሰረ ሰው ቆሟል፣ ጠመንጃ የያዘ ሊቀመንበር ቆሟል፤ ያ መንገድ የሌላ ነው ቢል ማንም አይፈትሸውም ነበር። ቃሉ እንደወጣ ፊቱ ላይ ምንም አልተለወጠም፤ ምሳሩን ብቻ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

ወደ ላይ ቀጠልን። ቀጭን የሞተ ዝግባ ጋ ስንደርስ ኃላፊው ቁስል ፈልገው አጡ። ከላይ የጎረቤቶቹ ቅርንጫፍ ሰማዩን ዘግቶበታል። "ይሄን ጥላ ነው የገደለው። እንዲህ ያለው በየዓመቱ ይሞታል፤ ትንሽ ስለሆነ ሰው አያየውም እንጂ።" ሌላው ደግሞ ትልቅ ጥድ ነበር፤ ዘንበል ብሏል፣ በአንድ በኩል አፈሩ ተሰንጥቆ ሥሩ ይታያል። ዙሪያውን ጉቶ ብቻ ነው። "ጎረቤቶቹ ሲሄዱ ነፋሱን ብቻውን ተቀበለው" አሉ። ጉቶዎቹን የቀባኋቸው እኔ ነበርኩ፤ እያንዳንዱን አስታወስኩት። ደርሰው ነበር፣ መቆረጥ ነበረባቸው። ጥዱ ግን ይህን አያውቅም።

እንዲህ እያየን ስንዞር ሊቀመንበሩ ከኋላችን ይከተል ነበር። እያንዳንዱ ዛፍ የራሱ ሞት ነበረው። ልንመለስ ነው ብዬ ሳስብ ንብ አናቢው ቆመ።

"ያላያችሁት አለ" አለ።

"የት?" አሉ ኃላፊው።

ከመንገድ ውጭ በቁጥቋጦ ውስጥ ወሰደን። ግንዱ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ሽማግሌ ዝግባ ነበር፤ ቆሞ ደርቋል። ቀዳዳው ውስጥ ከሰል ነበር።

"ይሄ የኔ ነው" አለ ንብ አናቢው። "የዱር ንብ ገብቶበት ነበር። ጭስ ልሰጥ ብዬ እሳት አኖርኩ። እሳቱ ወደ ውስጥ ሄደ። ውኃ አመጣሁ፣ አልደረስኩም።" እጁን ግንዱ ላይ አሳረፈ። "ሌላው የኔ አይደለም። ይሄ የኔ ነው።"

ሊቀመንበሩ እንደ ነቃ ሰው ዘለለ። "አላልኩም? እኔ አላልኩም?"

"ብለሃል" አሉ ኃላፊው። "ያልከው ግን ሁሉንም ነው። አሁን አንድ አገኘህ። አንዱን ዛፍ ለአንዱ ሰው፣ ሌላውን ለድርቁና ለእኛ እንስጥ።"

"ታዲያ ምን ብዬ ሪፖርት ላድርግ?"

"ደን ውስጥ ሞት አለ በል። ሁሉም ሞት ግን ወንጀል አይደለም በል።"

ከዚያ በኋላ ያለው ድርድር ነበር። ሊቀመንበሩ ሰውዬውን በነፃ ቢለቅ ሊዋረድ ነው። በመጨረሻ ንብ አናቢው ቤቱ እያደረ፣ በመንገድ ዳር ያሉትን የደረቁ ዛፎች ከሰንጣቂዎቹ ጋር ያለ ደመወዝ እንዲያነሳ ተስማሙ። ፍትሕ አልመሰለኝም። ሚስቱ ግን ከመጋዘኑ በር ላይ ስትቀበለው እንደዚያ ዓይነት ነገር ስታስብ አላየኋትም፤ ልብሱ ላይ ያለውን አቧራ እያራገፈች በአሪኛ ትቆጣው ነበር።

ስንመለስ ኃላፊው ላንድሮቨሩ ውስጥ ቴርሞሳቸውን ከፈቱ፣ ግን አልጠጡም።

"በዝናብ አውርዱ ያልኩት እኔ ነኝ" አሉኝ። "ከላይ ጠየቁኝ፣ እኔ ወደ ታች ጻፍኩ።"

"እዚያ ለምን አልተናገሩም?"

"ሰንጣቂው ተናገረ አይደል?" አሉ። ቴርሞሱን መልሰው ከደኑና፣ "ለሊቀመንበሩ ይህን ብነግረው ኖሮ የሚያስረው ሰው አያጣም ነበር" አሉና በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ።

የደረቁትን የመጣል ሥራ በሚቀጥለው ሳምንት ተጀመረ። ሰንጣቂዎቹ አልወደዱትም። "ሕይወት ያለው ዛፍ ሊወድቅ ሲል ይንቋቋል፣ ይነግርሃል" ይል ነበር አለቃቸው። "ደረቁ ዝም ብሎ ነው የሚመጣ።" ስለዚህ በምሳር ከመምታት ይልቅ በመጋዝ ቀስ እያሉ ይቆርጡ ነበር፤ ንብ አናቢው ደግሞ ሕይወት ያለው ጎረቤት ዛፍ ላይ ወጥቶ ደረቁን የሚገታ ገመድ ያስራል። ለጥቂት ሳምንታት በደህና ሄደ።

እኔ ባለሁበት ዕለት ነው የሆነው። ሰንጣቂውና ልጁ የሚሆን አንድ ወጣት መጋዙን ይጎትታሉ፤ ዛፉ ገና ግማሹ እንኳ አልተቆረጠም። ከላይ ጫፉ ተሰብሮ ወረደ። ድምፅ አልሰማሁም፤ ያየሁት ሰንጣቂው መሬት ላይ፣ ቅርንጫፉ ትከሻው ላይ ነው። የመጋዙ ወዲያኛው ጫፍ ላይ የነበረው ወጣት ቆሞ ቀረ። ንብ አናቢው ከነበረበት ዛፍ በገመዱ ተንሸራቶ ወረደ፤ መዳፉ ተላጠ። ቅርንጫፉን አንስተን ሰንጣቂውን ስናወጣው ዓይኑ ክፍት ነው፣ ፊቱ ግን አመድ መስሏል።

"እጄ የት አለ?" አለኝ።

"አለ ጋሼ። እዚሁ ነው።"

"አላገኘሁትም።"

አጣና ቆርጠን ጋቢ ዘርግተን ቃሬዛ ሠራንለትና ወደ ገዘር ተሸክመነው ወረድን። ዕለቱ ገበያ ስለነበር አንድ ነጋዴ መኪናው ላይ ገብስ እየጫነ ነበር። ምንም አላለም፤ አይቶን ብቻ ለጫኞቹ "አውርዱት" አላቸው። ጆንያዎቹን ሜዳው ላይ ትቶ እስከ ጂንካ ሐኪም ቤት ወሰደን። ንብ አናቢው ኋላ ላይ ተቀምጦ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ክንዱን ከሰንጣቂው ጭንቅላት በታች እያደረገ ይደግፈው ነበር።

ጂንካም አልተለየውም። ሰንጣቂው እዚያ ዘመድ አልነበረውም፤ ቤተሰቡ ጋሞ ደጋ ነው ያለው። ንብ አናቢው አልጋው ሥር ተኝቶ አስታመመው። ጥቂት ቀን ቆይቶ የገበሬ ማኅበሩ ታጣቂ መጣ።

"ሊቀመንበሩ ወደ ሥራህ ተመለስ ብሏል።"

"ይሄ ሰው ሲነሳ እመለሳለሁ" አለው ንብ አናቢው።

ታጣቂው ሰንጣቂውን ከራሱ እስከ እግሩ አየው። ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀመጠና የንብ አናቢው ሚስት የላከችውን ቆጮ አብሮ በላ። ሲሄድ፣ "አጣሁት ነው የምለው" አለን።

ሰንጣቂው ተረፈ። ቀኝ እጁ ግን ከትከሻው ጀምሮ ሽባ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ተለወጠ። በዝናብ መጎተት ቀረ። በየመታጠፊያው ላይ ሊቆረጥ የተመረጠ ዛፍ የሚጎተተው ግንድ እሱን እንዲመታ እስከ መጨረሻ ይቆያል፣ ሌላው እንዳይቆስል፤ መጎተቱ ሲያልቅ እሱም ይቆረጣል። ጎረቤቶቹን በአንድ ጊዜ አላነሳም፤ ቀለሜን መቆጠብ ተማርኩ። ከመንገድ የራቁት የደረቁ ዛፎች ኃላፊው ባሉበት ይቁሙ ስላሉ ቆሙ፤ ግንደ ቆርቁር ገባባቸው። ሞቱ ወዲያው አላቆመም። የቆሰሉት ለጥቂት ዓመታት አንድ በአንድ ቀሉ፣ ከዚያ እየቀነሰ ሄደ።

ኃላፊው ንብ አናቢውን የደን ጠባቂ አድርገው ቀጠሩት። ሲነገረው መጀመሪያ የጠየቀው "ንቦቼስ?" ብሎ ነው። "እነሱም ይጠብቁ" አሉት። ኃላፊው ራሳቸው ከጥቂት ዓመት በኋላ በዚያው የጨጓራ ሕመማቸው አረፉ፤ ለቅሶው ላይ ለመድረስ መኪና አላገኘሁም። ሊቀመንበሩ መንግሥት ሲለወጥ አገሩን ጥሎ ሄደ፤ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም።

እኔም በዚያው ሰሞን ዝውውር ደረሰኝ። ከመሄዴ በፊት ሰንጣቂውን ልሰናበት ገዘር ወጣሁ። ከአደጋው በኋላ ሚስቱን ከጋሞ ደጋ አስመጥቶ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ስደርስ ጓሮ ናቸው። የዝግባ ግንድ ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ አጋድመዋል፤ ሚስቱ ቀሚሷን ወገቧ ላይ አስራ ግንዱ ላይ ቆማለች፣ እሱ ከታች ሆኖ የመጋዙን ሌላ ጫፍ በግራ እጁ ይስባል። ሰጋቱራው ጢሙ ላይ ይወርዳል።

"ደረቅ ነው፣ መጋዙን ይበላዋል" አለኝ፤ እንደ ሰላምታ።

"እጄን እንጂ መጋዙን አይደለም የሚበላው" አለች ሚስቱ ከላይ። "ልጅቷን አስቀምጣት እንጂ ምን ታስቆማታለህ?"

"ይሄን መስመር ልጨርስና።"

"መስመሩን አጣመምከው!"

"አላጣመምኩም።"

"ከላይ ያለሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ የማየው። ወደ ግራህ!"

ወደ ግራው ሳበ። እኔም አንድ ጉቶ ላይ ተቀምጬ ጣውላው እስኪለያይ ጠበቅኳቸው።